«አላምንም» ሌላ፣ «የለኝም» ሌላ፤ ስለ ሆስፒታሎችና ስለ ጤና መድን የሒሳብ ክርክር

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ በንግድ ዓለም ዕዳውን በቀኑ የማይከፍል ሰው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የቀረበለትን ሒሳብ ተመልክቶ «ይህን ያህል ዕቃ አልተረከብሁም፤ ዋጋውም ይህ አልነበረም» ብሎ የሚከራከር ነው። ሁለተኛው ሒሳቡ ትክክል መሆኑን እያወቀ ገንዘብ ያጣ ነው። ከፊተኛው ጋር ደረሰኝና መዝገብ ዘርግቶ መነጋገር ይቻላል፤ ከኋለኛው ጋር የሚደረገው ንግግር ግን ስለ ጊዜ፣ ስለ ዋስና ስለ አከፋፈል ነው። ነጋዴን ይበልጥ የሚያደክመው፣ ገንዘብ አጥቶ ሳለ ማጣቱን ላለመናገር ሲል በደረሰኙ ላይ ጉድለት እየፈለገ ዛሬ ነገ የሚል ባለዕዳ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ነጋዴዎች ዕዳ ለመናገር አይደለም። በአገራችን በብዙ ስፍራ በሆስፒታሎችና በመንግሥት በሚመራው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መካከል የሚነሣው የሒሳብ ክርክር መልኩ ይህንኑ እየመሰለ በመሄዱ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የምንኖር ነጋዴዎች ነገሩን ቀርበን ልንመለከተው የሚገባ ስለ መሰለኝ ነው። «ይህ የሐኪሞችና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥቂት ይታገሠኝ።

በአንድ የገበያ ቀን በቡሬ ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት የመድን መታወቂያቸውን ከሐኪም ማዘዣው ጋር ከመቀነታቸው ፈትተው ከባንኮኒው ላይ አኖሩት። ባለመድኃኒት ቤቱ ወረቀቱን አንብቦ፣

«እማማ፣ ይህ እኮ በመድንዎ ከሆስፒታል የሚሰጥዎ ነው» አላቸው።

«የለም አሉኝ፣ ልጄ።»

«እኛ ደግሞ በመድን አንሰጥም፤ በጥሬ ገንዘብ ነው።»

እርሳቸውም ዋጋውን ከጠየቁ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ይችን በርበሬ ሸጬ እስክመለስ አቆይልኝ» ብለው ወጡ። እኒህ እናት የዓመት መዋጯቸውን አስቀድመው ከፍለዋል፤ አሁን ደግሞ ስለዚያው መድኃኒት በበርበሬያቸው ሁለተኛ ሊከፍሉ ነው። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ መደርደሪያ የጠፋበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ከምክንያቶቹ አንዱና ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የሒሳብ ነገር ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እናስታውስ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ደቡብ አቸፈር በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ዞን ውስጥ ስለ ነበረ፣ የእኛ አገር ሰው ከነገሩ ጋር የተዋወቀው ከመጀመሪያው ነው ለማለት ይቻላል። ገበሬው አዝመራውን ካስገባ በኋላ ከነቤተሰቡ ተመዝግቦ የዓመት መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ከፌዴራል መንግሥትም ድጎማ ይጨመርበታል። ገንዘቡ በወረዳው የመድን ቋት ይጠራቀማል። አባሉ ሲታመም በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ ሕክምና ካስፈለገው የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ያልፋል። በሆስፒታሉ ገንዘብ አይጠየቅም። ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ ምርመራ፣ ለእያንዳንዱ መድኃኒትና አልጋ ያወጣውን በዋጋ ዝርዝሩ መሠረት መዝግቦ፣ ጠቅልሎ ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ጽሕፈት ቤቱም መርምሮ ይከፍላል።

በእኛ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ሆስፒታሉ በዱቤ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ የመድን ጽሕፈት ቤቱ የታወቀ ትልቅ ደንበኛ ነው። ልዩነቱ ሱቁ ደንበኛውን ሊመርጥ፣ ወይም «የፊቱን ሳትከፍል አልሰጥህም» ሊል የማይችል መሆኑ ነው። በሽተኛው ከበር ቆሟልና።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደንበኛው አንድ አለመሆኑ ነው። ቋቱ በየወረዳው የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ሆስፒታል በሽተኛ ከሚልክለት ከእያንዳንዱ ወረዳ ጋር ለየብቻው ውል አለው። ፍኖተ ሰላም በጃቢ ጠህናን ወረዳ መካከል ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ሆስፒታሏ የሚመጣው ግን የከተማዋና የጃቢ ጠህናን ሰው ብቻ አይደለም፤ የቋሪትና የደጋ ዳሞት ሰውም ይመጣል። ወደ ቡሬም እንዲሁ የቡሬ ዙሪያና የወንበርማ ገበሬ ይመጣል። በሽታው የጠና ሲሆን ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይላካል፤ ስለዚህ በገጠር ያለ የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አይቶት ከማያውቀው ከሩቅ ሆስፒታል ከባድ ሒሳብ ይደርሰዋል። በአንድ በኩል በጥቂት ሠራተኞች የሚንቀሳቀስ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በሌላ በኩል ለብዙ ወረዳዎች ብዙ መዝገብ የሚይዝ የሆስፒታል ሒሳብ ክፍል አለ። በዚህ መካከል ወረቀት ቢጠፋና ቁጥር ቢሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም።

ክርክሩም በአብዛኛው የሚነሣው ከዚሁ ነው። ማዘዣው 30 ፍሬ ሲል ሒሳቡ 60 ይላል። የታከመው ልጅ ስም በቤተሰቡ መዝገብ አልገባም። አባልነቱ በታከመበት ዕለት አልታደሰም ነበር፤ የታደሰው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ከሒሳቡ ጋር አልተያያዘም። መነጽር ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ የማይሸፈን ሆኖ ሳለ ተጨምሯል። የሐኪሙ ጽሕፈት አይነበብም፤ ስለዚህ ነገር እንኳ በዓለም ዙሪያ ያሉ መድኃኒት ቀማሚዎች ሁሉ ቅሬታ ያላቸው ስለሆነ በእኛ አገር ሐኪም ብቻ አንፈርድም።

ከነዚህ አንዳንዶቹ የእውነት ጥፋቶች ናቸው። ሆስፒታል ያልሰጠውን መድኃኒት ሒሳብ ውስጥ ቢያስገባ፣ የበርበሬ ሻጯን እናት መዋጮ እንደ ወሰደ ይቆጠራልና መርማሪው አለመክፈሉ ግዴታው ነው። ሌሎቹ ግን የወረቀት ጉድለቶች ናቸው። በሌሊት በድንገተኛ ሕመም የመጣን ሰው ሐኪሙ አስቀድሞ ወረቀት እንዲጠይቀው ማንም አይፈልግም፤ በማግሥቱ ወረቀቱን አሟልቶ ማያያዝ ግን የሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ሥራ ነው። እኛ አንድ ከረጢት ስኳር ስንሸጥ ደረሰኝ እየቆረጥን፣ የብዙ ሺህ ብር ሕክምና በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲቀርብ «መርማሪው ክፉ ነው» ብሎ ማማረር አይቻልም።

በመድን ጽሕፈት ቤት በኩል ያለው ትልቁ ጥፋት ደግሞ፣ ስለ ጥቂቱ ሲባል ሁሉንም መያዝ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ሆስፒታል የሦስት ወር 400,000 ብር ሒሳብ አቀረበ እንበል። መርማሪው የ60,000 ብሩን አላመነበትም። በማናቸውም ነጋዴ ልማድ 340,000ው በቀኑ ይከፈላል፤ ክርክሩ በ60,000 ብር ላይ ብቻ ይቀራል። ሒሳቡ በሙሉ «ተስተካክሎ ይቅረብ» ተብሎ ሲመለስ ግን፣ ማንም ያልተከራከረበት 340,000 ብር ከ60,000ው ጋር አብሮ ይታሰራል። ስድስት ወር ቢቆይ ምን ያህል ያከስራል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1751፣ ተዋዋዮች ሌላ ካልተስማሙ ወለዱ በዓመት ከመቶ 9 ነው ይላል። በዚሁ እንኳ ቢታሰብ የስድስት ወሩ 15,300 ብር ይሆናል። ሆስፒታል ወለድ ጠይቆ አያውቅም፤ ወለዱ ግን በሌላ መንገድ ይከፈላል። ምክንያቱም ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛው በተዘዋዋሪ ገንዘቡ ነው፤ ያው ገንዘብ ካልተመለሰ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የወሰደውን ዱቤ ለመክፈልና አዲስ ለማዘዝ ይቸግረዋል፤ በዚያ የታጣውን ከግል አስመጪና አከፋፋይ እንዳይገዛም እጁ ባዶ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ በአሮጌው ዋጋ የተመዘገበ ሒሳብ ዘግይቶ ሲከፈል፣ የወጣውን መድኃኒት መልሶ መግዛት ይቅርና ግማሹን መተካቱም አጠራጣሪ መሆኑን አስመጪዎቻችን ከሁሉ አስቀድመው ያውቁታል።

ዱቤው ከዚያ ወደ እኛ ይወርዳል። እኔ ራሴ ስሙን ለማልጠራው አንድ ሆስፒታል ሳሙና፣ በረኪናና የአልጋ አንሶላ አቅርቤ፣ ገንዘቤን የተቀበልሁት ዓመቱ ሊዞር ሁለት ወር ሲቀረው ነው። በየጊዜው ስሄድ ሒሳብ ሹሙ በትሕትና አስቀምጦኝ «ጋሼ፣ መድኑ ሲከፍለን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት» ይለኝ ነበር። መዋሸቱ አልነበረም። እኔም በበኩሌ ለጅምላ አከፋፋዩ «ሆስፒታሉ ሲከፍለኝ» እል ነበር። የወንበርማ ገበሬ መድን ሒሳብ አልመረመር ብሎ፣ መርካቶ ያለ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ዕዳ ከሜዳ ሲሆንበት ማየት ያስገርማል።

እውነቱን ለመናገር ግን የእኛም እጅ ንጹሕ አይደለም። ክፍያው እንደሚዘገይ የተረዳ አቅራቢ በሚቀጥለው ጨረታ የመዘግየቱን ዋጋ አስቀድሞ ይጨምራል። እኔም ጨምሬያለሁ። የተጨመረው ገንዘብ በሆስፒታሉ ወጪ፣ ከዚያም በመድኑ ሒሳብ ገብቶ ክርክሩን ያበዛዋል፤ ክርክሩም ክፍያውን ያዘገየዋል። ከአንድ ስፍራ ካልተቆረጠ ይህ ነገር እየዞረ የሚያድግ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻችን እንመለስ። ከነዚህ ክርክሮች ውስጥ ስንቶቹ በእውነት «አላምንም» ናቸው? ስንቶቹስ የ«የለኝም» መሸፈኛ ናቸው? የወረዳ ቋት ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ሞልቷል። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚሰበሰብ ሲሆን የመድኃኒት ዋጋ ግን ዓመቱን ሙሉ ይወጣል። ጤነኛው «ዘንድሮ አልታመምሁም» ብሎ ሳያድስ ሲቀር፣ የታመመው አይቀርም። ድጎማ በታሰበበት ወር ላይደርስ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና የቀበሌ ሥራ ሲስተጓጎል፣ በብዙ ስፍራ አባላትን መመዝገብም ሆነ መዋጮ መሰብሰብ ከባድ ሆኗል፤ በሽተኛውና ቁስለኛው ግን ወደ ሆስፒታል መምጣቱን አልተወም። በዚህ ሁኔታ የአንድ ወረዳ ገንዘብ ያዥ «ቋቴ ባዶ ነው» ቢል የሚያሳፍረው ነገር የለም። የሚያሳፍረውና የሚጎዳው፣ ባዶ መሆኑን ሳይናገር የሒሳቡን ጥራዝ ለፊርማ ጉድለት ሲል ሦስት ጊዜ መመለሱ ነው። ሆስፒታሉ ስሕተት ያለበት መስሎት ሠራተኛውን ወረቀት በማስተካከል ያደክማል፤ ዞኑና ክልሉም ችግሩ የወረቀት ነው ብለው ስለሚያምኑ የገንዘቡን ጉድለት ለመሙላት አይነሡም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጋና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ባወጣችው ሕግ ብሔራዊ የጤና መድን አቋቁማ ብዙ ሕዝብ ካስገባች በኋላ፣ ለሆስፒታሎች የሚከፈለው እየዘገየ በመሄዱ አንዳንዶቹ አባሉን ጥሬ ገንዘብ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። ሩዋንዳ በ2015 የማኅበረሰብ መድኗን አስተዳደር ጠቅልላ ለአንድ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሰጥታለች። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ሆኖ ያገኘሁት ግን የጃፓን አሠራር ነው። በጃፓን ሒሳቡን የሚመረምረው ከፋዩ ራሱ አይደለም፤ ለዚሁ ሥራ በ1948 የተቋቋመ ሌላ አካል አለ። ሆስፒታሉ የወሩን ሒሳብ በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ያቀርባል፤ ከሐኪሞች ወገን፣ ከመድን ወገንና ከገለልተኛ ባለሙያዎች የተውጣጡ መርማሪዎች ይመለከቱታል፤ ገንዘቡም ሕክምናው ከተሰጠ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ይከፈላል። በአንድ ነገር ላይ ያልተስማማ ወገን ያ ነገር ብቻ እንደገና እንዲመረመርለት ይጠይቃል፤ የቀረው ሒሳብ በዚያ ምክንያት አይታሰርም።

የጃፓንን መሥሪያ ቤት በፍኖተ ሰላም እንትከል ማለቴ አይደለም። የዞኑ ጤና መምሪያ ዛሬ ባለው ሠራተኛ ሊሠራው የሚችል ነገር አለ። በውሉ ላይ ሁለት ቃል ይጨመር፦ ያልተከራከሩበት ገንዘብ በቀኑ ይከፈል፤ ክርክር ያለበት ደግሞ በተወሰነ ቀን ውስጥ ምክንያቱ በየመሥመሩ ተጽፎ ለሆስፒታሉ ይድረስ፤ ቀኑ ካለፈ እንደ ታመነ ይቆጠር። በዚህ ያልተቋጨው ለሦስት ሰዎች ይቅረብ፤ አንዱ ከሌላ ሆስፒታል የተጠራ ሐኪም፣ አንዱ ሒሳብ አዋቂ፣ ሦስተኛው ከመድኑ አባላት የተመረጠ ገበሬ ይሁን። ከእኛ ከነጋዴዎች ሰው ይግባበት የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ አልደግፈውም። የሆስፒታሉ አበዳሪ ሆነን ሳለ ዳኛ ልንሆን አይገባንም። ሁለቱም ወገኖች የመንግሥት አካል ስለሆኑ የግልግል ዳኝነት የሚያከራክር ቢሆን እንኳ ዕርቅ አያስቸግርም፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ከወጣ ወዲህ ለዕርቅ የሚሆነው መንገድ ተጽፎ ይገኛል። የጎጃም ሰው የመሬት ወሰን በሽማግሌ ሲጨርስ ኖሯልና የ60 ፍሬ ኪኒን ክርክር አይከብደውም።

የመድን ሠራተኞች የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ። «አስቀድመን ከከፈልን ሆስፒታሉ ስሕተቱን ለማረም አይቸኩልም፤ መያዣችንን እንጥላለን» ይላሉ። መያዣው ግን አይጣልም፤ የተከራከሩበት ገንዘብ በእጃቸው ነው፤ በኋላ የተገኘ ስሕተትም ቢኖር ከሚቀጥለው ሦስት ወር ሒሳብ ላይ ይቀነሳል፤ ደንበኝነቱ አያልቅምና። ሐሰተኛ ሒሳብ ይበዛል የሚለው ሥጋት የበለጠ ክብደት አለው። ለዚህ የሚበጀው ከጥራዙ ጥቂት ካርዶችን በዕጣ አውጥቶ፣ በሽተኛውን በቀበሌው ፈልጎ «ይህን መድኃኒት ተቀብለሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይመስለኛል። ሁሉንም ወረቀት ላይ ላዩን ከማገላበጥ፣ ጥቂቱን እስከ ሥሩ መመርመር ሌባን ያስፈራል።

ቋቱ በእውነት ባዶ በሆነበት ወረዳ ግን ሦስቱም ሰዎች ምንም አይፈይዱም። በዚያ ስፍራ የሚያስፈልገው አንድ ግልጽ ደብዳቤ ነው፦ «ሒሳቡ ታምኗል፤ ይህን ያህል ጎድሎናል፤ በዚህ በዚህ ወር ይህን ያህል እንከፍላለን።» እንዲህ ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሆስፒታል ለአቅራቢው ቀን ይቆርጣል፤ አቅራቢውም ቀኑን አምኖ ዕቃ ይልካል። ዞኑም ደብዳቤዎቹን ደምሮ የጎደለውን ጠቅላላ ገንዘብ ስለሚያውቅ፣ ድጎማው እንዲፈጥን፣ መዋጮው እንዲታይ፣ የየወረዳው ቋትም በዞን ደረጃ ተዋሕዶ የአንዱ ወረዳ ክፉ ዓመት በሌላው እንዲደገፍ ለመጠየቅ ማስረጃ ያገኛል። የወረዳዎቹን ቋት ማዋሐድ ብርቱ ክርክር ያስነሣል፤ መዋጮውን በሚገባ የሰበሰበ ወረዳ «ያልሰበሰበውን ለምን ልሸከም?» ማለቱ አይቀርምና ስለዚህ ሌላ ጊዜ ለብቻው ብንጽፍ ይሻላል።

ለአሁኑ ከእኛ የሚፈለገው ጥቂት ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በየወረዳው ከተማ ለጤና ድርጅቶች ዕቃ ያቀረባችሁ ነጋዴዎች፣ ያልተከፈላችሁን ሒሳብ ዕቃው ከተሰጠበት ቀንና ከደረሰኙ ቁጥር ጋር ጽፋችሁ፣ አዝመራ ገብቶ የመድኑ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ለንግድ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አድርሱ። በዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፤ በአንደኛው ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው ሒሳባችሁን ያላመነበት፣ በሁለተኛው አምኖ ሳለ ገንዘብ ስላልደረሰው ያልከፈለው ይጻፍ። እኔ የራሴን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ በፊተኛው ዓምድ የገባልኝ አንድ የበረኪና ደረሰኝ ብቻ ነው።